ሬዲዮውን ያደነቆርነው እኛው ነን

ባለፈው መስቀል ከቡታጅራ ወደ ተራራው ከፍ ብሎ ካለው የአባባ ቤት ስገባ መጀመሪያ ዐይኔ የገባው ሬዲዮው ነው። ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። በላዩ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ! አበባ የሚቀመጥለት ማን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ።

ከአዲስ አበባ ለበዓሉ የመጣው የአጎቴ ልጅ ክትፎውን ጨርሶ እጁን እየታጠበ ሬዲዮውን አየት አደረገና፣ «አባባ፣ ይሄን ለምን አይሸጡትም? ቦሌ ካፌ ያለው ጓደኛ አለኝ፤ ለጌጥ ይገዛዎታል» አለ።

አባባ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «የሚናገር ዕቃ ለጌጥ ይሸጣል እንዴ?» አሉ።

«መቼ ነው ደግሞ የተናገረው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። አባባ ግን አልሳቁም። «እዚህ ቤት ከገባን ወዲህ ነው የዘጋው» አሉ፤ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ማናችንም የተናገሩትን አልሰማናቸውም። ሰምተናቸው ቢሆን ኖሮ ይሄን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

ሬዲዮው ትልቅ የፊሊፕስ ትራንዚስተር ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። አባባ መርካቶ ሱቅ ተቀጥረው ይሠሩ በነበረበት ዘመን፣ በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ ገዝተው ለመስቀል ይዘውት የገቡት ነው። ያኔ ሬዲዮ ይዞ አገር መግባት ዛሬ መኪና ይዞ እንደ መግባት ነበር ይላሉ። መካከለኛ ሞገድና ሁለት አጭር ሞገድ አለው። ኤፍ ኤም የለውም። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ በጋዜጠኝነት ተመርቄያለሁ። ዜና እንዴት እንደሚጻፍ፣ ማይክ ከአፍ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እንግዳ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ ሁሉ ተምሬያለሁ። ድምፁ ከማሰራጫው ከወጣ በኋላ የት እንደሚወድቅ ግን አንድ ቀን የነገረን የለም። «አድማጭ» የሚለውን ቃል በየፈተናው ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ታዲያ ከቡፌው ሥር በርጩማ ላይ የተቀመጡትን አድማጭ ሬዲዮ እንኳ መክፈት አቃተኝ። ምሩቅ!

በበዓሉ ማግስት ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልዬ ወደምኖርበት ወደ ወልቂጤ ይዤው መጣሁ። እዚያ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አሉ፤ ዛሬ አብዛኛው ሥራቸው የስልክ ስክሪን መቀየር ሆኗል። የሬዲዮውን ጀርባ ከፈቱ፣ የዛገውን የድንጋይ ማስቀመጫ በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረጉ፣ አዲስ ድንጋይ ከተቱ። ከፈቱት። ሽሽሽ… ብቻ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ከቆርቆሮ ሱቃቸው ወጡና መንገዱ ዳር አቆሙት። ተናገረ! ወደ ሱቁ መለሱት፤ ዘጋ። እንደገና አወጡት፤ ተናገረ።

«ልጄ፣ ሬዲዮው ጤነኛ ነው» አሉኝ። «የሽማግሌው ቤት ምን ዓይነት ነው?»

«ቆርቆሮ።»

«ድሮስ?»

«ሳር ክዳን።»

«መብራት ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«በቃ፣ ያደነቆራችሁት እናንተ ናችሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በሳር ክዳንና በጭቃ ግድግዳ እንደልቡ ያልፋል። ብረት ሲያገኝ ግን ይመለሳል። የአባባ አሮጌ ጎጆ ለሬዲዮው ክፍት ሜዳ ነበረች፤ አዲሱ የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ክዳኑ የተገጠመ ድስት ማለት ነው። በዚያ ላይ መብራት ገባ። ርካሽ አምፖልና ርካሽ የስልክ ቻርጀር ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበሩና እያጠፉ ነው የሚሠሩት፤ ያ ሁሉ ማብራትና ማጥፋት በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ላይ የማያቋርጥ ጩኸት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ ከውጭ የሚገባው ድምፅ ሲያንስ ከውስጥ የሚነሣው ጩኸት ጨመረ። ከመንደሩ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮ የሚጠራውም ለዚህ ነው። ሌላው መብራት ሲጠፋ ያማርራል፤ ሬዲዮ ያለው ሰው ግን ቢያንስ ዜናውን በጥራት ይሰማል።

ያን ቤት የሠሩት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አዋጥተው ነው። እኔም ከመጀመሪያ ደመወዜ ሰጥቻለሁ። ከእነዚያ ቆርቆሮዎች አንዷ የእኔ ናት ማለት ነው። አሮጌው ጎጆ ያፈስ ነበር፣ ይጨስ ነበር፣ ቆርቆሮው ጥሩ ነው፤ ማንም ወደ ጭሱ ይመለሱ አላለም። ጸቤ ከቆርቆሮው ጋር አይደለም። ጸቤ ቤት ሠርተንላቸው፣ መብራት አስገብተንላቸው፣ ከዚያ በኋላ ዓለምን የሚሰሙበት ዕቃ ሲዘጋባቸው «አሮጌ ስለሆነ ነው» ብለን አበባ ካስቀመጥንበት ከእኛ ጋር ነው። አዛውንቱ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውን ነበር። እዚህ ቤት ከገባን ወዲህ አሉ። እኛ ግን ዕድሜያቸውን ነበር የሰማነው።

ጠጋኙ መድኃኒቱን ሲነግሩኝ ማመን አቃተኝ። 15 ሜትር ሽቦ። በቃ። ከድስቱ ውጭ የሚሰቀል ጆሮ።

ለገና ተመልሼ ሄድኩ። ሽቦውን ከወልቂጤ ነው ይዤ የሄድኩት፤ ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ የመዳብ ሽቦም ይሆናል ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን ፕላስቲክ የለበሰውን ቀጭን የመብራት ሽቦ መረጥኩ፣ ዝናብና ዝገት እንዳይበላው። አንዱን ጫፍ ከቤቱ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ፣ ሌላውን ማዶ ካለው ሌላ ባሕር ዛፍ ላይ ማሰር ነው። ሽቦው ግን ዛፉን መንካት የለበትም። ለዚህ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠን ሽቦውን በአንድ በኩል፣ ሲባጎውን በሌላ በኩል አሰርንበት፤ ፕላስቲኩ መሐል ሆኖ ይለያቸዋል። ከዚያ ከሽቦው ጫፍ ሌላ ሽቦ ወርዶ በመስኮቱ ቀዳዳ ይገባል።

መጀመሪያ እኔ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ በጀፎረው ላይ ልዘረጋው ነበር ያሰብኩት፤ ሰፊ ነው፣ ገላጣ ነው፣ ያምራል። አባባ ተቆጡ። «ጀፎረ የሁሉ ነው። ከብት ያልፍበታል፣ ሰርግ ያልፍበታል፣ ለቅሶ ይቀመጥበታል። የእኔ ሬዲዮ ብሎ ማን ሽቦ ይዘረጋበታል?» ጀፎረን ለማታውቁ፦ የጉራጌ መንደር ሁለት ረድፍ ቤቶች የሚተያዩበት ሰፊ የሳር ጎዳና ነው፤ እንኳን ሽቦ አጥርም አይገባበትም። ስለዚህ ሽቦው ወደ ጓሮ፣ ከእንሰቱ በላይ ሄደ። ለነገሩ ከመብራት ምሰሶውም የራቀው በዚያ በኩል ነበር። ይሄን የምትሞክሩ ካላችሁ አደራ፦ ሽቦ በመብራት መስመር ላይ ወይም አጠገቡ አትወርውሩ፤ ሰው ይገድላል። ነጎድጓድ ሲመጣም ሽቦውን ከሬዲዮው ነቅሎ ወደ ውጭ መጣል ነው።

ሽቦውን ከሬዲዮው ጋር ማገናኘቱ ላይ አንድ ብልሃት አለ። በቀጥታ ከተዘረጋው የሬዲዮው አንቴና ጋር ብታገናኙት አሮጌ ትራንዚስተር ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረብበታል፤ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራበት ግራ እንደሚጋባ ሽማግሌ ነው። ፕላስቲኩን ሳትልጡ አምስት ስድስት ጊዜ በአንቴናው ዙሪያ ጠምጥሙትና በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ሳይነካካ ያሻግራል። ከዚያም ቁራጭ ፌሮ ከመስኮቱ ሥር እርጥብ መሬት ላይ ተክለን ከባትሪው ማስቀመጫ ቀናሽ ጫፍ ጋር በሽቦ አገናኘነው፤ ይሄ ጩኸቱን ቀነሰው። መገጣጠሚያው ላይ ናስትሮ ጠመጠምንበት። አለቀ።

አሁን ወደ ኤፍ ኤሙ ልመለስ። «ዛሬ ሁሉ ነገር ኤፍ ኤም ሆኗል፣ አዲስ ሬዲዮ ለምን አትገዢላቸውም?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዐይን ነው፤ ያልታየውን አይደርስበትም። ወልቂጤና ቡታጅራ መሐል ደግሞ የዘቢዳር ተራራ አለ፤ ቁመቱ 3,700 ሜትር አካባቢ። ወልቂጤ ኤፍ ኤም 89.2 እኛ ሰፈር ጎረቤት እንደሚያወራ ነው የሚሰማው፤ ከተራራው ማዶ ካለ ጉድባ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አጭር ሞገድ በበኩሉ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ከላይ ካለው የአየር ንብርብር ተገፍቶ ይመለሳል፤ ተራራ ምኑም አይደለም። ቡታጅራ ያለ ሽማግሌ ጀርመን የተነገረ አማርኛ የሚሰማው፣ ወልቂጤ የተነገረውን ግን የማይሰማው ለዚህ ነው። ይገርማል አይደል?

ለአክስቴ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ግን ሌላ አንቴና ሠራሁላት፤ ያ ደግሞ ጨዋታ ነው። ሁለት እኩል ሽቦ ግራና ቀኝ ተዘርግተው መሐላቸው ላይ ከመስመሩ ጋር ይገናኛሉ። ለ89.2 እያንዳንዱ ክንድ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ለ102.1 ቢሆን 70 ሴንቲ ሜትር። ወደላይ በተሰቀለ ቁጥር ይሻላል። መካከለኛ ሞገድ ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። የሚዘረጋው አንቴና ለእሱ ምንም አይሠራም፤ ጆሮው ሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያለች ጥቁር ዘንግ ናት። ጣቢያው ሲደክም አንቴናውን ከመምዘዝ ሬዲዮውን ራሱን አዙሩት። ከዚያ በላይ የሚፈልግ 60 ሴንቲ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ 12 ዙር ገደማ ሽቦ ይጠመጥማል፣ ጫፎቹን ከሞተ ሬዲዮ ከተነቀለ የጣቢያ መፈለጊያ ጋር ያገናኛል፣ ሬዲዮውን አጠገቡ ያስቀምጣል። ምንም ሳይነካካ ድምፁ ከፍ ሲል ስታዩ አስማት ነው የምትሉት። ጠጋኙ ዘንድ አይቼዋለሁ፤ እኔ ገና አልሠራሁትም።

የገና ማታ ቆጣሪውን አጠፋንና ከፈትነው። መጀመሪያ ፉጨት፣ ከዚያ ዓረብኛ፣ ከዚያ የማላውቀው አገር ዘፈን፣ ከዚያ… አማርኛ። ጥርት ያለ የወንድ ድምፅ ዜና ያነባል። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ወደ አባባ ዞርኩ፤ ያለቅሳሉ ወይም ይስቃሉ ብዬ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው «ቀንሺው! ቀንሺው!» አሉኝ።

ለካ ልማድ ነው። በደርግ ዘመን የውጭ ጣቢያ የሚሰማው በሹክሹክታ ነበር፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጆሮን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ። ያኔ አባባ ማታ ሽቦ ሰቅለው ጎህ ሳይቀድ ያወርዱት ነበር። «ጎረቤት አያምኑም ነበር?» ስላቸው «አምን ነበር፤ እሱም ይሰቅል ነበር» አሉኝ። ሁለቱም ሽቦ እንዳላቸው ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንድ ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም።

እንግዲህ እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩት የአገራችን የሬዲዮ ታሪክ ሁሉ የማሰራጫዎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ንጉሡ በአቃቂ ጣቢያ በኩል ለዓለም ተናገሩ። በ1955 ዓ.ም. ብስራተ ወንጌል ተከፈተ፤ በ1969 ደርግ ወረሰው። በ1957 የዶቼ ቬለ አማርኛ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ። በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 መጣ። ማን ከፈተ፣ ማን ወረሰ፣ ማን ዘጋ። በሌላኛው ጫፍ ሽቦ ሰቅሎ ስለሚያወርደው ሰው አንድ አንቀጽ አላገኘሁም። ሬዲዮ ግን ሁለት ጫፍ አለው። ከሁለቱ አንዱ የአድማጩ ሥራ ነው፤ ማሰራጫው የቱንም ያህል ቢገንን ያለ ጓሮው ሽቦ ንግግሩ ለራሱ ነው።

«ስልክ አለ እኮ» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። የአጎቴ ልጅም ያለኝ ይሄንኑ ነው፤ ለአባባ ስማርት ስልክ ያመጣላቸውም እሱ ነው። ስልኩ ጥሩ ነው። ግን አባባ ፊደሉ አይታያቸውም፣ የኢንተርኔት ጥቅሉን የሚሞላላቸው ሰው የለም፣ ፌስቡክ የሚያሳያቸውም የሚያስቆጣቸውን ነው። እንዲያውም ይሄን ሁሉ ተዉትና፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልኩም ኢንተርኔቱም ለሁለት ዓመት ያህል ጠፋ። በዚያን ጊዜ እኔና ጓደኞቼ፣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎቹ፣ እርስ በርስ «ምን ሰማሽ? ምን ሰማህ?» ስንባባል ነበር የከረምነው። አንዳችንም አጭር ሞገድ ያለው ሬዲዮ አልነበረንም። ቢኖረንም ሽቦ መስቀል አናውቅም።

ሬዲዮ አይታፈንም እያልኩ አይደለም፤ እሱም ይታፈናል። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ ስርጭቱን የማፈን አቅም እየተገነባ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ሽቦ ደግሞ የሌለ ጣቢያ አያመጣም። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በግዴታ ፈቃድ ከሥራ ሲወጡ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የለመዱትን ድምፅ ያጡ ሰዎች አንቴናቸውን ሲያዞሩ አምሽተዋል። አጭር ሞገድ በየዓመቱ እየሳሳ ነው፤ የሚሰጠው ምክንያት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አድማጭ የለም። ማን ቆጥሮ? የፌስቡክ ተከታይ ይቆጠራል፣ የዩቲዩብ ተመልካች ይቆጠራል። ከእንሰት ጓሮ በላይ ሽቦ የሰቀለ ሰው ቁጥር ውስጥ አይገባም። ሽቦውን ሳያውቅ በቆርቆሮ የተደፈነበትማ እንደ ሞተ ነው የሚታየው፤ አበባ ብቻ ነው የቀረው።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ጋዜጠኝነት የሚያስተምሩ ክፍሎች ከአራቱ ዓመት አንዷን ሳምንት ለተቀባዩ ይስጡ። ተማሪው ሽቦ ይዞ ገጠር ይውረድና አንድ ሬዲዮ አናግሮ ይመለስ፤ ከማንኛውም የአድማጭ ጥናት ወረቀት የበለጠ ይማርበታል። የአካባቢ ጣቢያዎቻችንም ለአድማጭ ስልክ መስመር እንደሚከፍቱት ሁሉ፣ አሥር ደቂቃ ወስደው የ80 ሴንቲ ሜትሯን አንቴና አሠራር በአየር ላይ ይንገሩ። የራሳቸው ጥቅም ነው እኮ! ለመስቀልም ሆነ ለአረፋ ወደ አገር የምንገባ ልጆች ደግሞ ከክትፎው ቅቤና ከልብሱ ጋር 15 ሜትር ሽቦ እንያዝ። አባቶቻችን በ1950ዎቹ ብር አዋጥተው መንገድ የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ለአንድ ጥቅል ሽቦ የመንግሥት በጀት አንጠብቅም።

የአጎቴ ልጅ እስካሁን ካፌውን አልረሳም፤ ጓደኛው ዋጋ ጨምሯል አሉ። አባባ ግን ባለፈው ሳምንት በዚያው ስማርት ስልክ ደወሉልኝ። ያን የመሰለ ቁም ነገረኛ ድምፅ አውጥተው፣ የጎረቤት ሴትዮ ሽቦው ላይ ልብስ አስጥታለች፣ ጋቢም ጭምር፣ ምን ይሻላል ብለው ጠየቁኝ። ድምፁ ቀንሷል ወይ አልኳቸው። ሲረጥብ ይቀንሳል፣ ሲደርቅ ይመለሳል አሉ። ጋቢውን ብቻ ወደ አጥሩ ያዙሩላት አልኳቸው።